ሶላሩ ሲሞት ማን ይረከበዋል?

በመንዝ ደጋ ኩራዝ ቦታውን እየለቀቀ ነው። የመብራት ኃይል መስመር ባልደረሰባቸው የዘመሮ ዙሪያ ቀበሌዎች ማታ ማታ የሚበራው ሶላር ነው። የደብተር ስፋት ያላት ፓኔል ክዳኑ ላይ ተሰክታ፣ ሽቦዋ በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ፣ ተማሪው በጋዝ ጭስ ዓይኑ ሳይቀላ ያጠናል። ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ ብቻ ከተማ ድረስ መሄድ ለብዙው ሰው ቀርቶለታል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሊቃለልም አይገባም።

የፋኖሱ ባትሪ ግን የሚያገለግለው ጥቂት ዓመት ነው። መጀመሪያ እስከ እኩለ ሌሊት ያበራ የነበረው፣ ውሎ አድሮ እራት ሳይበላ ይደክማል፤ ከዚያም ጨርሶ እምቢ ይላል። ባለቤቱ አልጋ ሥር ይወረውረዋል፣ ለልጅ መጫወቻ ይሰጠዋል፣ ወይም ከአመድ ጋር ጓሮ ይደፋዋል። ከፍ ያለው ሶላር የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ስላለው፣ ሲሰበር አሲዱና እርሳሱ አፈር ውስጥ ይቀራል። ያ አፈር ደግሞ ጎመን የሚተከልበት ጓሮ ነው። በዚህ በኩል ያለው ጅረት ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል።

እኔ የምለው ይህ ነው። መንግሥት ለአረንጓዴ ዕቃ የሚሰጠው ማበረታቻ ጉምሩክ በር ላይ ያበቃል፤ ማብቃት ያለበት ግን የሞተው ዕቃ ተመልሶ በእጅ ሲገባ ነው። ዕቃው ሲገባ የተሰጠው ጥቅም፣ ሲመለስ ለሚያመጣው ገበሬም መድረስ አለበት።

የመግቢያው ማበረታቻ በደንብ ታስቦበታል። ጥራታቸው የተረጋገጠ የሶላር መብራቶች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም በዓለም ባንክ ገንዘብ ለአስመጪዎችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ብድር አቅርቧል። በ2011 ዓ.ም የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል፣ በተለይም በሶላር፣ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ለኤሌክትሪክ መኪናም መንገዱ ያው ነው። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ብቻ፣ በከፊል የተፈታው 5 በመቶ እንዲቀረጥ፣ ሙሉ በሙሉ የተፈታው ምንም እንዳይቀረጥ ተወሰነ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ባትሪ የሚሞትበት ቀንም ይመጣል፤ ከዘመሮው ፋኖስ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱን መገመት አያዳግትም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ2010 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 አውጥቷል። ደንቡ እንዲህ ያለው ቆሻሻ ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል፣ የሚሰበስበውና የሚፈታውም ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ላይ አሮጌ ኮምፒውተርና መሰል ዕቃ የሚፈታበት ማዕከል ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ደንቡ ሲጻፍ በዓይነ ሕሊና የታየው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እንጂ የገበሬ ፋኖስ አይመስልም። ከዘመሮ አንዲት የሞተች ባትሪ ይዞ አቃቂ የሚወርድ ማን ነው? የትራንስፖርቱ ዋጋ ከባትሪዋ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ቢያንስ ቆራሌው አለ። የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ መዳቡና አሉሚኒየሙ ገዢ ያገኛል። ገበያው ግን የሚወስደው የሚሸጠውን ብቻ ስለሆነ መርዙን ጥሎ ይሄዳል፤ ለመርዙ ዋጋ የሚቆርጥለት የለም። በዓለም ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በአፍሪካ አንድ በመቶም አልሞላም።

ችግሩ ሰው ቸልተኛ ስለሆነ የመጣ አይደለም። የገጠር ሰው የሞተ ዕቃ ዝም ብሎ አይጥልም። ገጠር የተማረ ሰው የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ፣ ጥቁሩ ፍሬ ተወቅጦ፣ በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ ሰሌዳ ሲቀባበት ያስታውሳል። ልጆቹ ከየቤታቸው ያለቀ ድንጋይ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ይጠቁር ነበር። ያ ዱቄት ማንጋኒዝ እንዳለበት፣ በትንፋሽ ሲገባም እንደሚጎዳ የነገራቸው አልነበረም። የሞተ ነገር ጥቅም እንዳለው የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ የጎደለው የት እንደሚያስረክበውና ምን እንደሚያገኝበት ነው።

ደግሞም መንገዱ አለ። ከሐበሻና ከዳሽን የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚወጣው ቢራ ወደ ወረዳ ከተሞች በሳጥን ይሄዳል፤ መኪናው ሲመለስ ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ነው። ባለ ግሮሰሪዋ ጠርሙስ ቢሰበርባት ታዝናለች፤ መያዣ ከፍላበታለችና። ማንም ስለ አካባቢ ጥበቃ አላስተማራትም፣ መያዣው ራሱ አስተማራት። በየሸንተረሩ የሶላር ባትሪ ወድቆ የቢራ ጠርሙስ የማይወድቀው ለዚህ ነው። አስመጪው ከቀረጥ ነፃ መብቱን ሲያገኝ በእያንዳንዱ ፋኖስና ባትሪ ልክ መያዣ ቢያስይዝ፣ ገንዘቡም ዕቃውን ለሚመልሰው ቢከፈል፣ መኪናው ያው መኪና፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። መንገዱ ሰላም ውሎ ካደረ።

ተረካቢውም አለ። በዘመሮ ዓይነት ከተማ የሞተ ዕቃ አስቀድሞ የሚደርሰው ሞባይል ጠጋኙ ዘንድ ነው። ጠረጴዛው ሥር ካርቶን አለ፤ በውስጡ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ፣ ባትሪው ያበጠ አይቴል፣ ክዳኑ የጠፋ ፋኖስ። ከአንዱ ሶኬት ነቅሎ ሌላውን ያድናል። ይህ ወጣት ዛሬ በደንቡ ዓይን ፈቃድ የሌለው ፈቺ ሊባል ይችላል። እኔ ግን የወረዳው የመጀመሪያ ተረካቢ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ። ጓንትና ክዳኑ የሚገጠም በርሜል ይሰጠው፣ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ለብቻው አሸዋ ውስጥ እንዲያኖር ይሠልጥን፣ በተረከበው ቁጥር ኮሚሽን ይከፈለው። ግብሩም በዚያው ልክ ይቃለልለት፤ ለንግድ ቤት አረንጓዴ ማበረታቻ ማለት ይኼ ነው።

መያዣው የፋኖሱን ዋጋ ያስወድዳል፣ ድሃውን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ መያዣው ገዢው ላይ ሳይሆን ቀረጥ የተነሣለት አስመጪ ላይ ይጣል። መንግሥት ከተወው ቀረጥ ትንሿን ቁራሽ መልሶ ለዕቃው ፍጻሜ ማዋል ነው። አስመጪው ዋጋው ውስጥ እንዳያስገባው ደግሞ የልማት ባንክ ብድር ውል መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 917 ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ክፍያ ጥላለች፤ አክራ ውስጥ በአግቦግብሎሺም ሰብሳቢዎች ሽቦ ከማቃጠል ይልቅ አምጥተው ቢያስረክቡ ገንዘብ የሚያገኙበት ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ከእሳቱ በስብከት ሳይሆን በተሻለ ዋጋ ማራቅ ነበር።

መንዝ ደግሞ የጋራ ሀብትን በደንብ መጠበቅ ከሌላ የሚማር አገር አይደለም። የጓሳን የጋራ ሣር ቄሮ በሚባለው ነባር ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ፣ የሚያጭደውንም ቀኑንም እየወሰነ ለትውልዶች ያቆየ ሕዝብ ነው። የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ነዋሪው ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቁሟል። ለሞተ ባትሪ ማን ይረከብ፣ የት ይቀመጥ፣ መቼ ይጫን የሚለውን ቀበሌው ራሱ ቢወስን ከአዲስ አበባ ከሚላክ መመሪያ ይልቅ ይጸናል።

ለመጀመር የፌዴራል ደንቡ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። ክልሉ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የታጠረ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ማጠራቀሚያ ሊያቆም ይችላል፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ ከዚያ በጅምላ አቃቂ ማድረስ አይከብድም። ዘመሮ፣ መሐል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ አንድ አንድ ጠጋኝ ይመረጥ። የመጀመሪያው ዓመት መያዣ ከክልሉ በጀት ይሸፈን፣ ስንት ፋኖስና ስንት ባትሪ እንደተመለሰም ይመዝገብ። ገንዘብ ሚኒስቴር የሚቀጥለውን የቀረጥ ነፃ ዝርዝር ሲያወጣ ያ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብለት።