ጋሪውን ከማድነቃችን በፊት ጭነቱን እንፈትሽ

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ናኖቴክኖሎጂና ስለ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው። ርዕሱን ያመጣሁት ከሴሚናር ዝርዝር ላይ ብቻ አይደለም። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አክስቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናቸው። ቡና ከጠጣን በኋላ አንድ ብልቃጥ አወጡና «አንተ ኬሚስትሪ አይደል የምትማረው? እስቲ ይቺን እያት» አሉኝ። በሰው በኩል የመጣላቸው እንክብል ነው። ከቻይና ዕፅዋት መሠራቱ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «ናኖ» ይላል። «ናኖ ማለት ያድናል ማለት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ለምን ብትሉ፣ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ክፍል ውስጥ ባቀረብኩት ጽሑፍ «ናኖቴክኖሎጂ የጥንቱን የቻይና ጥበብ ወደ ዘመናዊ የካንሰር መድኃኒት ይለውጠዋል» ብዬ ደምድሜ ነበር። ጥሩ ማርክም አግኝቼበታለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው በምን ይሻላል? ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ናኖ ጋሪ ነው። ጋሪ ጭነትን ያደርሳል እንጂ የማይረባውን ጭነት የሚረባ አያደርገውም።

ለመሆኑ ጋሪው ለምን አስፈለገ?

አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከዕፅዋት የሚወጡ ብዙ ውህዶች የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴልን ይገድላሉ። ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ግን አንዳንዱ በውኃ አይሟሟም፣ አንዳንዱ ደም ውስጥ ይፈርሳል፣ አንዳንዱን ጉበት ቶሎ ያስወግደዋል። እዚህ ላይ ነው ጋሪው የሚመጣው። ውህዱን 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት፣ ማለትም በሊፖዞም፣ ውስጥ ብንከተው ተጠብቆ ይጓዛል። የዕጢ የደም ሥሮች ደግሞ ወንፊት ስለሚመስሉ ከረጢቷ እዚያ ሾልካ ትቀራለች ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሐሳቡ የሚሠራበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ካምፕቶቴሲንን እንውሰድ። ውህዱ የሚገኘው በደቡብ ቻይና ከሚበቅል ዛፍ ነው፤ ቻይናውያን ዛፉን «ሺ ሹ»፣ የደስታ ዛፍ፣ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች ውህዱን ለይተው በ1966 አሳወቁ። በውኃ አልሟሟ ስላለ በሶዲየም ጨው መልክ ለሕመምተኞች ተሰጠ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የወሰዳችሁ ላክቶን የሚባለውን ቀለበት ታስታውሳላችሁ። ጨው ለማድረግ ይህን ቀለበት መክፈት ግድ ነው፤ ቀለበቱ ሲከፈት ደግሞ መድኃኒቱ ይደክማል። ይባስ ብሎ አሲዳማ ሽንት ውስጥ ሲደርስ መልሶ ይዘጋና ፊኛን ያደማል። በ1970ዎቹ ሙከራው ቆመ።

ኬሚስቶች ግን አልተዉትም። ሞለኪውሉን አሻሽለው ቶፖቴካንና አይሪኖቴካን የተባሉትን ሠሩ፤ ሁለቱም በ1996 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኙ። ከዚያ አይሪኖቴካን በሊፖዞም ተሞልቶ በ2015 ለቆሽት ካንሰር ተፈቀደ። የሊፖዞሙ ውስጥ አሲዳማ ስለሆነ ቀለበቱ እንዳይከፈት ይጠብቀዋል። ውጤቱስ? ከሁለት የተለመዱ መድኃኒቶች ጋር ተደርቦ ሲሰጥ የታካሚዎቹ መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከ4.2 ወር ወደ 6.1 ወር ከፍ አለ። ሊፖዞሙ ብቻውን ሲሰጥ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ሁለት ወር ለሕመምተኛና ለቤተሰቡ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ተአምርም አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እዩት። ራሱን ካምፕቶቴሲንን ሳይክሎዴክስትሪን ካለበት ፖሊመር ጋር አስረው ሌላ ናኖ ጋሪ ሠሩለት፤ ስሙ ሲአርኤልኤክስ101 ይባላል። አይጦች ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ከሌላ መድኃኒት ጋር ሆኖ በኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ግን በሽታው ሳይብስ የቆየው 3.7 ወር ነው፤ በመደበኛው ሕክምና 3.9 ወር። ይህ በ2017 ታትሟል። ያው ቤተሰብ ሞለኪውል ነው፣ ሁለቱም ጋሪ ናኖ ነው፣ ውጤታቸው ግን ለየቅል ነው። ታዲያ «ናኖ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ነገረን?

በዚያ ላይ ጋሪው ራሱ ብዙውን ጊዜ መንገድ ይስታል። በ2016 ኔቸር ሪቪውስ ማቴሪያልስ ላይ የወጣ ጽሑፍ የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ቃኝቶ ነበር። ከተወጋው የናኖ ቅንጣት ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው፣ መካከለኛው ቁጥር፣ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጭነቱ እንዴት ይፈተሻል?

የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ለማጣጣል የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ፈተሻውን በደንብ ያሳዩን ራሳቸው ቻይናውያን ናቸው። በ1970ዎቹ በሃርቢን ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቻቸው አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና የጉርጥ መርዝ የተቀላቀለበትን የሕዝብ መድኃኒት ያዙ። እያንዳንዱን እየለዩ ሲሞክሩ የሚሠራው አርሴኒኩ መሆኑን፣ ሌሎቹ ግን ጉዳት የሚጨምሩ መሆናቸውን ደረሱበት። ይህ ዕፅ ሳይሆን ማዕድን ነው፤ ትምህርቱ ግን ለዕፅም ይሠራል። ዛሬ አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ አንድን ዓይነት የደም ካንሰር ከሚፈውሱት መድኃኒቶች አንዱ ነው። አገራችን በ2004 ለወባ የመረጠችው ኮአርተምም ከቻይና ዕፅ በተገኘው አርቴሚሲኒን ላይ የቆመ ነው። ሁለቱም የተገኙት ውህዱን ነጥሎ በማውጣትና ሰው ላይ በጥንቃቄ በመሞከር ነው።

በተቃራኒው ከእርድ የሚወጣውን ኩርኩሚን ተመልከቱ። እኛ ወጥ እናቀልምበታለን፣ ቻይናውያንና ሕንዶች ለመድኃኒት ይጠቀሙበታል። «ችግሩ አለመሟሟቱ ብቻ ነው፤ ናኖ ያድነዋል» ስንል ከረምን፤ እኔም ብያለሁ። በ2017 ጆርናል ኦቭ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ላይ የወጣ ሰፊ ግምገማ ግን ሌላ ነገር አለ። ሞለኪውሉ ራሱ ያልተረጋጋ ነው፤ በላቦራቶሪ ፈተናዎችም የሚሠራ መስሎ የማታለል ጠባይ አለው። ከመቶ በላይ ሙከራ ተደርጎበት በጥብቅ ቁጥጥር የተሳካ አልተገኘም። እንግዲህ ይህን በናኖ ብንጠቀልለው የጠቀለልነው ጥርጣሬያችንን ነው።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። ጋሪው መድኃኒትን የሚያደርስ ከሆነ መርዝንም ያደርሳል። በ1990ዎቹ ቤልጅየም ውስጥ ለመክሳት የተሰጠ የቻይና ዕፅ በስህተት በሌላ ተተክቶ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የያዘው ዕፅ ከመቶ በላይ ሰዎችን ለኩላሊት በሽታ ዳርጓል፤ አንዳንዶቹም በኋላ ካንሰር ይዟቸዋል። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለው አነጋገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በናኖና በዕፅዋት ላይ ሴሚናር ወይም ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ሦስት ጥያቄ ይመልስ። አንደኛ፣ ውህዱ ተለይቶ ታውቋል ወይስ ድብልቅ ነው? ሁለተኛ፣ ባዶው ጋሪና ጋሪ የሌለው ውህድ ለንጽጽር ለየብቻ ተሞክረዋል? ሦስተኛ፣ ውጤቱ ከሳህን፣ ከአይጥና ከሰው በየትኛው ላይ ነው የታየው? ሦስቱን ያልመለሰ ጽሑፍ መደምደሚያው ላይ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ባይጠቀም ይመረጣል። መምህራኖቻችንም ማርክ ሲሰጡ ይህን ቢያዩልን ደስ ይለኛል፤ የእኔን ጽሑፍ ጨምሮ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ተስፋ ታስቆርጣለህ» ይሉኛል። እኔ ግን ተስፋ የሚያስቆርጠው ያልተመረመረ ተስፋ ነው እላለሁ። አክስቴን «ናኖ ማለት በጣም ትንሽ ማለት ነው፤ ማዳን አለማዳኑን አይናገርም» አልኳቸው። ዕፅዋት ጉበት ውስጥ ኬሞቴራፒውን ሊያዛቡ እንደሚችሉም ነግሬ፣ ለሐኪማቸው ሳያሳዩ እንዳይውጡት ለመንኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አሉና ብልቃጧን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በማግስቱ አብረን ሐኪማቸው ጋ ሄድን። ሐኪሙም ኬሞቴራፒው እስኪያልቅ እንዳይወስዱት ነገራቸው።

ይህን ጽሑፍ የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ለመማር ዝግጁ ነኝ። ሰላም ሁኑ።