«ታውቀኝ የለም እንዴ?» በር ላይ አይሠራም

በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ ምስጋና የሚያጥረው ወታደራዊ ፖሊሱ ነው። ቅኝት ወጥቶ የተመለሰው የሚያወራው አያጣም። በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ሲያይ፣ የመኪና ሥር በመስታወት ሲፈትሽ የዋለውን ግን «እሱማ ምን ሥራ አለው» የሚሉት አሉ። ይህ አባባል ቢቀር እንወዳለን።

የካርቱምን ነገር እንውሰድ። የተባበሩት መንግሥታት የሱዳን ተልዕኮ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2005 በውሳኔ ቁጥር 1590 ሲቋቋም፣ እስከ 10,000 ወታደር ተፈቅዶለት ዋና መምሪያውን ካርቱም ላይ አደረገ። ከሩቅ ሲታይ የቢሮ ግዳጅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2008 ግን የፍትህና እኩልነት ንቅናቄ ታጣቂዎች ከዳርፉር ተነስተው፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው ኦምዱርማን ገቡ። ከዚያ ወዲያ ካርቱምን የሚለየው ነጭ አባይ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሐስካኒታ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2007 በሰሜን ዳርፉር የነበረው የአፍሪካ ኅብረት ሰፈር ተወረረ። በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በቀረበው ክስ መሠረት 12 ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ፤ ተሽከርካሪው፣ ነዳጁ፣ ማቀዝቀዣው፣ የወታደር ጫማ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። ሰፈሩ ከተደፈረ ሕዝቡን ማን ይጠብቃል? የዳርፉሩ ተልዕኮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲዘጋና ሰፈሮቹ ሲለቀቁም፣ ዓመት ሳይቆይ የኤል ፋሸሩ ተዘረፈ።

እርግጥ ዘብ ሁሉን አይችልም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2025 ካዱግሊ ያለውን የአብዬ ተልዕኮ የሎጂስቲክ ሰፈር የመታው ድሮን ነው፤ 6 የባንግላዴሽ ወታደሮች ሞቱ። ለዚህ መጠለያ ጉድጓድና ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል እንጂ የበር ፍተሻ አይበቃም። ለምድሩ ግን ዘቡ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዘቡን የሚያስቸግረው የውጭ ሰው ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ሰው ነው። ማዕረግ ያለው መኪናውን ሳያቆም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ታውቀኝ የለም እንዴ?» ይላል። ቢያውቅስ? እሱን ያውቃል፣ የኋላ ወንበሩን ግን አያውቅም። ወታደሩ ለማዕረጉ ሰላምታ ይስጥ፤ ፍተሻው ግን አይቅር። ትልቁ ቆሞ ሲፈተሽ ያየ ሾፌር ነገ አይከራከርም።

አዛዦችም በር ላይ የቆመውን ልጅ ይዩት። የካርቱም ሙቀት በሜይ ወር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሀቡብ ሲነሳማ ከበሩ ማዶ ያለው መኪና እንኳ አይታይም። ጥላ፣ ውሃ፣ የሚበራ መብራት፣ በሰዓቱ የሚመጣ ተተኪ ያስፈልገዋል። ትርፍ ባትሪም እንዲሁ። ሬዲዮው የሞተበት ዘብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማንን ሊጠራ ነው?