የሳይኬደሊክ ፖስተር ገበያ፦ ሀብቱ በወረቀቱ ነው ወይስ በመብቱ?

የማስታወቂያ ወረቀት ዕድሜው አጭር ነው። የዝግጅቱ ቀን ካለፈ ይቀደዳል፣ አለያም ሌላ ይለጠፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ ከተማ ለሙዚቃ ዝግጅት የታተሙት የሳይኬደሊክ ፖስተሮች ግን ይህን ልማድ ገልብጠውታል። ያኔ በየስልክ እንጨቱ ላይ ይለጠፍ የነበረው ወረቀት ዛሬ በሐራጅ ይሸጣል። ስታንሊ ማውስና አልተን ኬሊ በ1966 ግሬትፉል ዴድ ለተባለው የሙዚቃ ቡድን የሠሩት የአፅምና የጽጌረዳ ፖስተር፣ የመጀመሪያው ኅትመት ሆኖ ጉዳት ያልደረሰበት ቅጂው በቅርብ ዓመታት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። ታዲያ ከዚህ ሀብት የተጠቀመው ማን ነው?

ሳይኬደሊክ የተባለው ስልት ኤል.ኤስ.ዲ. የተሰኘውን ዕፅ የወሰደ ሰው የሚያየውን ቅዠት መሰል ዓለም በቀለምና በመስመር ለማሳየት የሚሞክር ነው። በማስታወቂያ ሥራ ደንብ ሲመዘን ኪሣራ መሆን ነበረበት። ማስታወቂያ በአንድ ዕይታ ይነበባል የሚባለውን ትቶ፣ ለማንበብ የሚያስቸግር ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ዌስ ዊልሰን የኦስትሪያዊውን አልፍሬድ ሮለርን የፊደል አጣጣል ተከትለው ፊደላቱን እንደ ነበልባል አጣመሟቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ አልበርስ ተማሪ የነበሩት ቪክቶር ሞስኮሶ ደግሞ ቀይን ከአረንጓዴ፣ ብርቱካናማን ከሰማያዊ ጎን ለጎን አድርገው ወረቀቱ ዓይን ላይ የሚንቀጠቀጥ እንዲመስል አደረጉ። አላፊ አግዳሚው ለማንበብ መቆም ግድ ሆነበት። የቆመ ሰው ደግሞ ግማሽ ገዢ ነው።

ገበያውን ቀድመው ካሸተቱት አንዱ የፊልሞር አዳራሽ ዝግጅት አቅራቢ ሚስተር ቢል ግርሃም ናቸው። የለጠፏቸው ፖስተሮች ወዲያው እየተነሱ ሲወሰዱ ሌላው ሰው ሌብነት ባለው ነበር። እሳቸው ግን ፍላጐት መኖሩን ተረዱ። ላይፍ መጽሔት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1967 ጉዳዩን የሽፋን ርዕስ ሲያደርገው ፖስተር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኖ ነበር።

ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው። ሚስተር ዊልሰን በ1967 በክፍያ ጉዳይ ከሚስተር ግርሃም ጋር ተለያዩ። የመጨረሻው ፖስተራቸው የዶላር ምልክት የያዘ እባብ ነበር። ሚስተር ግርሃም በ1991 ካረፉ በኋላ፣ ፖስተሮቹን ጨምሮ ያከማቹት ንብረት በ2003 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ሆኖም አቅራቢውን በዝባዥ ብሎ መፈረጅ ችኮላ ነው። የአዳራሹን ኪራይ፣ የሙዚቀኞቹን ክፍያና የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ሰው ባይመጣ ኪሣራው የእሳቸው ነበር። ወጪና ሥጋት የተሸከመ ሰው ትርፍ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

መልሱን የሰጡት በእሮሮ ሳይሆን በንግድ መንገድ ሚስተር ሞስኮሶ ናቸው። ኒዮን ሮዝ በሚል ስም የራሳቸውን ኅትመት ጀመሩ። ማትሪክስ ለተባለው የሙዚቃ ቤት ፖስተር ሠርተው፣ የኅትመቱን ወጪ ራሳቸው ሸፍነው፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ያህል በነፃ ሰጡ። የቀረውን ለራሳቸው ሸጡ። ቤቱ ማስታወቂያ አገኘ፣ ሠዓሊው ገበያ አገኙ። ሥራዎቻቸው ዛሬ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ።

ለባለሀብቱ ማሳሰቢያ አለ። አሮጌ ወረቀት ሁሉ ገንዘብ አይደለም። ብዙዎቹ ፖስተሮች በኋላ ደግመው ደጋግመው ታትመዋል። ዋጋ የሚያወጣው ከዝግጅቱ በፊት የታተመው ነው፣ እሱም ያልታጠፈና ያልተበሳ ከሆነ። ይህን ሳያጣራ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ወረቀት ብቻ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይሰፋል። ሁለቱ ሠዓሊዎች በችሎታ አይበላለጡም፤ የለያቸው ውሉ ነው። አንዱ ሥራውን ሸጡ፣ ሌላው ሥራውን እያሠሩ መብቱን ያዙ። ሥዕል የሚያሠራም ሆነ የሚሠራ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይገባል፦ ነገ ይህ ወረቀት ተፈላጊ ቢሆን፣ ደግሞ የማሳተም መብቱ የማን ነው? ጥያቄው ሥራው ከተወደደ በኋላ ሲነሳ መልሱ ውድ ነው።