በገላ ላይ ስለሚጻፍ ቃል

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። በገላ ላይ የተጻፈ ግን አይረሳም፥ አይወረስምም፤ ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ያረጃል እንጂ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ከመጽሐፍ አንድ ቃል መርጠው በክንዳቸው ላይ መነቀስን ስለ ወደዱ፥ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ምክር ልንጽፍ አሰብን።

ንቅሳት ላገራችን እንግዳ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም፥ በትግራይም፥ ብዙ እናቶች በግንባራቸው መስቀል፥ በአንገታቸው ዙሪያ ጌጥ ተነቅሰዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሳይጠየቁ የተነቀሱ ናቸው። አንዲት የምናውቃቸው ወይዘሮ ልጃቸው ለመነቀስ ፈቃድ ብትለምናቸው፥ አንገታቸውን ዳሰስ አድርገው «እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ አንቺ መምረጥ ከቻልሽ ግን አስበሽ ምረጪ» አሏት። እኛም ከዚህ የሚሻል ምክር የለንም፤ የአስተሳሰቡን መንገድ ብቻ እንጨምራለን።

መጀመሪያ፥ ቃሉን በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ፖሎኒየስ ለልጁ ለላየርቲስ ስለ ታማኝነት የሰጠው ምክር በብዙ ሰው የተወደደ ነው፤ ዳሩ ግን ይኸው አባት ጥቂት ቈይቶ የልጁን አኗኗር የሚሰልል አሽከር ወደ ፓሪስ ይልካል። ይህን ሳያውቅ የተነቀሰ ሰው፥ በኋላ ሲያነበው ምን ይለው ይሆን?

ሁለተኛ፥ ፊደሉን ለዐዋቂ ማሳየት ነው። በግዕዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ብሎ መጻፍ ፀሓይ ወጣ ማለት ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ማለት ግን ሌብነት ነው። በወረቀት የተሳሳተ ይፋቃል፤ በቆዳ የተሳሳተ ግን በቀላሉ አይፋቅም።

ሦስተኛ፥ ቀለሙ በዘመን ብዛት በቆዳ ውስጥ ስለሚሰፋ፥ ፊደሉ እጅግ ደቃቅ አይሁን፤ ለ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነውና። ንጹሕ ያልሆነ መርፌም የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፥ ነቃሹ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ እንዲያወጣ ይጠየቅ።

በመጨረሻም የተመረጠው ቃል በወረቀት ተጽፎ አንድ ዓመት በዓይን ፊት ይቀመጥ። የወይዘሮዋ ልጅ የመረጠችውን ቃል በመስተዋቷ አጠገብ ከሰቀለችው ስድስት ወር ሆነ፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ለውጣዋለች። እናቷም ባለፉ ቍጥር ቆም ብለው ያነቡታል።