የአንባቢ ጥገኝነት

በብሬል መጻፍ የእጅ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባል መያዣ ይይዝና እያንዳንዱን ነጥብ ስታይለስ በሚባል መውጊያ ይወጋል፤ ነጥቡ የሚነሣው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ጽፎ፣ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። በአማርኛ ብሬል ከሳድስ በቀር አብዛኛው ፊደል ለተነባቢውና ለአናባቢው የየራሱን ሕዋስ (የነጥቦች ክፍል) ስለሚወስድ ጽሑፉ ይረዝማል፤ አንድ ስስ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው መጽሐፍ በብሬል አይታተምም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ዓይነ ስውር ጓደኛው ሲያዳምጥ፣ አንዳንዴም ድምፁን ሲቀርጽ ማየት የተለመደ ነው። ደግ ሥራ ነው፤ የሚያነቡትም ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ዓይነ ስውሩ የሚያጠናው አንባቢው ሲመቸው ብቻ ነው። አንባቢው ሰንጠረዡን «ይሄ ይለፍ» ብሎ ከዘለለው ለአድማጩ ሰንጠረዡ አልተጻፈም። ፈተና ሲደርስ ደግሞ አንባቢውም የራሱ ፈተና አለበት! ትምህርትን የሚያህል ነገር በሰው በጎ ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም። ዛሬ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነቡ፣ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞችም አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት በኮምፒውተር የሚነበብ ቅጂ ያለ ደራሲው ፈቃድ ለዓይነ ስውራን ማዘጋጀት ይፈቅዳል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። እንግዲህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የኮምፒውተሩን ቅጂ ከታተመው መጽሐፍ ጋር እኩል ይስጡ።