የከርሞውን ተክል ቆፍሮ ስለ መሸጥ

ኦርኪድ ለከተማ ሰው የቤት ጌጥ ቢሆንም፥ በዛምቢያ ምግብ ነው። የአንዳንዱን የዱር ኦርኪድ ሥር አድርቀውና ወቅጠው ከለውዝና ከበርበሬ ጋራ በማብሰል «ቺካንዳ» የተባለውን ምግብ ይሠሩበታል። ቺካንዳ ቀድሞ የገጠር ምግብ ነበር፤ በከተማ ከተወደደ ወዲህ ግን የአገሩ ኦርኪድ ስለ ተመናመነ፥ ነጋዴው ድንበር ተሻግሮ ከታንዛኒያ ይገዛ ጀመር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ከታንዛኒያ ደቡባዊ ደጋ ወደ ዛምቢያ በያመቱ የሚወጣው ሥር ከ2.2 እስከ 4.1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል።

ይህ ቁጥር የሚያስከትለውን ጉዳት ከገበሬ ይልቅ የሚረዳው የለም። ተክሉ ከመሬት በታች ድንች የሚመስሉ ሁለት ሥሮች አሉት። አሮጌው የዘንድሮውን አበባ መግቦ ይሟሽሻል፤ አዲሱ ለከርሞ የሚበቅለው ነው። ቆፋሪው የሚፈልገው ጠንካራውን፥ ማለት አዲሱን ነውና፥ ወደ ገበያ የሚሄደው የከርሞው ተክል ነው። ዘሩም እንደ ትቢያ የረቀቀ ስለ ሆነ የራሱ ስንቅ የለውም፤ በዐፈር ውስጥ የሚኖር ተስማሚ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም። ስለዚህ የተቆፈረው ቦታ በቶሎ አይተካም።

የታንዛኒያ መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. 413 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የኪቱሎን አምባ ስለ አበቦቹ ብሎ ብሔራዊ ፓርክ አድርጎታል። ኦርኪዶችም ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ ስለ ገቡ፥ ከዱር የተቆፈረ ሥር ያለ ፈቃድ ድንበር ሊሻገር አይገባውም።

ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ዘበኛና ሕግ ብቻቸውን አይበቁም። ከዛምቢያ ወደ ታንዛኒያ የተሻገረ ገበያ፥ ከተከለለው አምባም ወደ ጎረቤቱ ኮረብታ መሻገር አያቅተውም። ቆፋሪው ጨው የሚገዛበትና ልጁን የሚያስተምርበት ሌላ ገንዘብ እስካላገኘ ድረስ ጉድጓዱ ቦታውን ይለውጥ እንደ ሆነ እንጂ አይቀርም። እንግዲህ የመንደሩ ሰዎች የሚቆፈረውን ቦታ በየተራ እንዲያሳርፉ፥ ዘሩ ከመርገፉ በፊትም እንዳይቆፍሩ መምከር ይገባል። የምርምር ጣቢያዎችም ተክሉን ከነሻጋታው አልምተው ለገበሬው ማሳ ቢያበቁት፥ የዱሩ ያርፋል፤ ገበሬውም ይጠቀማል።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይምሰለን። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ቀበሪቾ ለጢስ ሲባል ከነሥሩ ተነቅሎ በየገበያው ይሸጣል፤ ሥሩ የተነቀለ ተክል ደግሞ አያቆጠቁጥም። የግብርና ሹማምንት ቀበሪቾ በጓሮ እንዲተከል ዛሬውኑ ቢያስተምሩ፥ ገበሬም ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ቢያስቀር፥ የዱሩ ሳያልቅ እንደርስበታለን። አርሶ የሚበላ ሰው ዘሩን ከምግቡ መለየት ከጥንት ያውቃልና፥ ይህንኑ ዕውቀት ለዱሩም ያውል።