ችግኝ መቁጠሩ ይብቃ፤ የረድፉ ካርታ የት አለ?

በየክረምቱ ሪፖርቱ አንድ ነው፦ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየቀበሌው አቮካዶና ማንጎ ይተከላል፤ ጥሩ ነው። ግን የትኛው ችግኝ የት እንደቆመ የሚያሳየው ካርታ የት አለ? ስንት እንደተተከለ የሚጠይቅ አለቃ ሞልቷል፤ በምን መስመር እንደተተከለ የሚጠይቅ ግን የለም።

የበቆሎ ረድፍ ዘንድሮ ቢጣመም ለከርሞ ይቃናል። አቮካዶ ግን አንዴ ሥር ከሰደደ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ነው። 6 በ6 ሜትር ቢተከል በሄክታር 277 ገደማ ዛፍ ይገባል። ረድፉ ቀጥ ካለ መድኃኒት የሚረጭ፣ ሣር የሚያጭድ ትራክተር ያልፍበታል። ከተጣመመ ግን ልጅ ልጁም በጀርባው እያዘለ ሲረጭ ይኖራል።

አሠራሩ ተአምር አይደለም። መስመሩ በኮምፒውተር ይሠመራል፣ በፍላሽ ተጭኖ ትራክተሩን በሳተላይት ወደሚመራው መሣሪያ ይገባል፣ ትራክተሩም ጉድጓድ የሚቆፈርበትን መስመር ያወጣል። ያው ፋይል ነገ ለርጭቱም ለማዳበሪያውም ያገለግላል።

«ትራክተር ሳይኖር ካርታ ምን ሊረባ?» የሚሉ አሉ። መንግሥት የእርሻ ማሽኖች ያለቀረጥ እንዲገቡ የፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው። ትራክተር ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል፤ የቆመ ዛፍ ግን ለትራክተር ብሎ ቦታ አይለቅም። ሳይቃጠል በቅጠል!

ግን ካርታ ስለተባለ ብቻ ካርታ አይሆንም። የሀገራችን ብዙ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይቀየር ከተጫነ መስመሩ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ በጎጃም ጠባብ ማሳ 200 ሜትር ማለት የጎረቤት መሬት ነው። በስልክ ጂፒኤስ ነጥብ መያዝም አያዋጣም፤ ስህተቱ ብዙ ሜትር ነው፣ በዛፎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 6 ብቻ። የሚያስፈልገው በሴንቲሜትር የሚለካው ነው። እሱም ማረሚያውን ከኢንተርኔት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ዋጋ የለውም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት እንደቆየ የረሳ የለም። በማሳው ዳር የሚተከል፣ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ይሁን።

ትልቁ ጥያቄ ግን ፋይሉ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ነው። ገበሬው «መሬትህ በኩታ ገጠም ይታረስ፣ ካርታ ይነሣ» ሲባል ይሠጋል፤ ሥጋቱም ከመሬት የበቀለ አይደለም። ረድፉ የአምስት ሰው ማሳ አቋርጦ ሲሄድ ድንበሩ ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ካርታው በመሬት ደብተሩ ላይ ያለውን ድንበር ይያዝ፤ የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ ያሳይ። ቅጂው በፕሮጀክት ሠራተኛ ላፕቶፕ ውስጥ ሳይሆን በገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ካዝና ይግባ። ፕሮጀክት ሲያልቅ ላፕቶፑም ይሄዳል፤ ዛፉና ገበሬው ግን እዚያው ናቸው።

እንግዲህ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለቀጣዩ ክረምት አንድ ነገር ያድርጉ፦ ካርታ የሌለው የፍራፍሬ ተከላ በሪፖርት አይመዝገብ። ቁጥሩ ያንሳል። ይነስ! ማሽን የሚገባበት አንድ ሄክታር፣ ማንም የማይገባበት ጫካ ከሆነ አሥር ሄክታር ይሻላል።